የቶማስ ድርሻ

የኮባ ቅጠል እሳት ሲነካው የሚያወጣውን ሽታ የማያውቅ ሰው ካለ ከልቤ አዝንለታለሁ። ዛሬ የጥቅምት ማርያም ናት። ጠዋት ቅዳሴ ሰምቼ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቤቴ የሚወስደውን ኮረኮንች ዳገት ስወጣ ያ ሽታ ከጎረቤቴ ከሙሉ ግቢ ወጥቶ ፊቴን መታኝ። የዛሬ የማርያም ማኅበር ደጋሽ እሷ ናት፤ ድፎ ዳቦዋን በኮባ ጠቅልላ ደፍታለች። እኔ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ መንገዱ መሃል ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከኋላዬ ባጃጅ ክላክሱን ይነፋል፤ ሾፌሩ «እማማ፣ ዳር ይያዙ እንጂ!» ይለኛል። እኔ ግን የት አለሁና! ከቡሬ ወዲህ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶ ማርያም የምንላት አገሬ ገብቻለሁ፤ እናቴ ጓዳ በር ላይ ቆማ «አንቺ ልጅ፣ ቅጠሉን ሳትቀጂ አምጪ» ትለኛለች። ባጃጁ ዞሮኝ አለፈ፤ የሰደበኝም ይመስለኛል፤ ይስደበኝ።

ሽታው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ዛሬ ለሙሉና ለማኅበርተኞቿ መልስ የምሰጥበት ቀን ነው። ባለፈው ወር «እትዬ አትጠገብ፣ ማርያም በመጣች ቁጥር ብቻዎን ደጅ ላይ ተቀምጠው እናይዎታለን፤ ለምን ከእኛ ጋር አይጠጡም?» ብለው ለመኑኝ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ከልባቸው ነው። ችግሩ እኔ ጽዋ አለኝ። ያደግሁበት፣ የእናቴንም ጽዋ የተቀበልኩበት ማኅበር ማዶ ማርያም ነው፤ በእኛ ወግ ደግሞ ሰው የአንዲት ማርያምን ጽዋ በሁለት ማኅበር አይጠጣም። እዚህ ከገባሁ እዚያ ወጣሁ ማለት ነው። እዚያ ደግሞ ከሄድኩ ቆየሁ። አገሩ ታውኮ መንገዱ እንዲህ ከሆነ ወዲህ መኪናው አንድ ሰሞን ይሄዳል፣ አንድ ሰሞን ይቀራል፤ ስልኩም እንደዚያው። በእግሬ እንዳልሄድ ጉልበቴ ከዳኝ። ባሕር ዳር ያለችው ልጄ «እማዬ፣ ማርያም እኮ የትም አንድ ናት፤ እዚያው ግቢና ተገላገይ» ትለኛለች። ማርያም የትም አንድ መሆኗን እኔም አላጣሁትም። የምፈልገው አንድ ነገር ማወቅ ነው፦ ማዶ ማርያም ዳቦው ሲቆረስ ለእኔ ይቆረሳል ወይስ ቀርቷል? ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ነው ቀኑ የደረሰብኝ።

ነገሩ እንዲገባ ያን ዘመን ማውራት አለብኝ፤ ደግሞ ማውራት እወዳለሁ፤ የቸኮለ ይሂድ። ያኔ ቡሬ ገበያ ጥሩ አቡጀዲ በአንድ ብር ከስሙኒ ሜትሩን ትለኪ ነበር። ወንዱ አረንጓዴ ካኪ ቁምጣ በእጀ ጠባብ ለብሶ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዱላውን አግድም ይዞ ሲሄድ ሙሽራ ይመስላል። ሴቱ ለማርያም ቀን የምታወጣው ቀሚስ ለብቻው ሳጥን ውስጥ፣ ከአሪቲ ጋር ተጣጥፎ ይቀመጥ ነበር፤ ማኅበሩ የተሰበሰበበት ቤት በሩን ስትከፍቺው የአሪቲው ሽታ ነው የሚቀበልሽ። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ በርበሬው በየደጁ ይሰጣል፤ አገሩ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ይመስላል፤ መምሬ ጥበቡ ጸሎቱን ሊጀምሩ «በስመ አብ» ሲሉ አንዱ ያነጥሳል፣ ሌላው ይከተላል፣ ጸሎቱ ከማስነጠስ ጋር ይወጣል። መምሬ በዚህ አይቆጡም። «ማርያም ሁላችሁንም ሰምታለች፤ እንቀጥል» ይላሉ።

መምሬ ጥበቡ የማኅበራችን የነፍስ አባት ነበሩ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ጥርሳቸው ገጣጣ፣ ስቀው የማይጠግቡ ሰው። ጽዋው መሃል ላይ በልብሱ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ዳቦው ይቀርባል፤ እሳቸው ባርከው በማኅበርተኛው ልክ ይቆርሳሉ። ታዲያ ከመጣው ሰው ልክ አይደለም፤ ካለው ሰው ልክ ነው። የታመመ፣ የታሰረ፣ ቆላ የወረደ፣ ውሃ ሙላት የያዘው፣ ሁሉም ድርሻው ይቆረሳል። ይህቺ የቀሪ ሰው ድርሻ በእኛ ማኅበር «የቶማስ» ትባላለች። ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም፤ የማዶ ማርያም ብቻ ናት። ድርሻዋ በጽዋው ልብስ ጫፍ ተሸፍና ትቆያለች። ቀሪው ቅርብ ከሆነ ሰው ይወስድለታል። ሩቅ ከሆነ ደግሞ ከማኅበርተኛው አንዱ መንገድ ዳር ወጥቶ ይቆምና በዚያ ለሚያልፈው የመጀመሪያ መንገደኛ ይሰጣል። መንገደኛው የቀሪው ስም ይነገረዋል፤ ስሙን ጠርቶ ይበላል። ግዴታም አለበት። የቀሪውን ሰው በዕድሜው አንድ ቀን ቢያገኘው «በልቼልሃለሁ» ሊለው ነው። ቀሪውም መልስ አለው፤ «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል። ይኸው ነው ወጉ።

ልጅ ሆኜ ቶማስ ማለት ከወንዙ ባሻገር የሚኖር፣ ማኅበር በመጣ ቁጥር የሚያረፍድ ሰነፍ ሰውዬ ይመስለኝ ነበር። በሩን እያየሁ እጠብቀዋለሁ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ሰው በሞላበት «ይሄ ቶማስ ግን አያፍርም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እናቴ በቁንጥጫ ጭኔን መለጠችው። መምሬ ግን እንባቸው እስኪወርድ ከሳቁ በኋላ ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሐዋርያው ቶማስ እንደሆነ፣ ጌታ ከሙታን ተነስቶ ሲገለጥ ሌሎቹ ሁሉ ቤት ሲሆኑ እሱ ብቻ እንደቀረ ነገሩኝ። ሰው ተጠራጣሪ ይለዋል፤ መምሬ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። «ተጠራጣሪ አትበሉት፤ ቀሪ በሉት። ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይቀራል» ይሉ ነበር። ጌታ በስምንተኛው ቀን የተመለሰው ለእሱ ሲል ነው፤ ሌሎቹማ አይተውታል። በር እንደተዘጋ ገብቶ በቀጥታ የቀረውን ጠራው፣ «ና፣ እጅህን አምጣ» አለው። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ቶማስን በማርፈዱ መውቀስ ተውኩ።

ስለ ጥንት ክርስቲያኖች ሲያወሩማ መምሬ ሌላ ሰው ይሆናሉ። እንደ ጎረቤቶቻቸው ነው የሚያወሩት፤ ትናንት ጠላ አብረው የቀመሱ ይመስል። ያኔ ቤተ ክርስቲያን ማለት የሰው ቤት ነበር፤ ደወል የለ፣ ጉልላት የለ፤ በር ዘግተው ቤት ለቤት ዳቦ ይቆርሱ ነበር፤ ያለው ለሌለው ያካፍል ነበር። ሲፈሩ ደግሞ ዋሻ ይገቡ ነበር ይሉናል። መምሬ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉባት ቦታ ግን አንዲት ናት፤ ቆርሰው ሲጨርሱ ለቀረው፣ ለታመመው፣ ለታሰረው በዲያቆን እጅ ይልኩለት እንደነበር ሲናገሩ። አውሬ ሊበላው ወኅኒ የተቀመጠ ሰው ድርሻው ይደርሰው ነበር። «እንግዲህ እኛ ምን ሆነን እንተዋለን?» ይላሉ። ዋሻና አንበሳ ልጅ ሆኜ ያስፈራኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከሁሉ የሚበልጥብኝ ያ በስውር መንገድ ዳቦ ተሸክሞ የሚሄደው ዲያቆን ነው። ማን ይሆን? ጫማ ነበረው ይሆን? ሲደርስ የእስረኛው ፊት እንዴት ሆነ?

የቶማስ ድርሻ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን በደብሬ ነው። ደብሬ የአዊ ሰዎች ልጅ ናት፤ አገውኛውንም አማርኛውንም እኩል ታውቃለች፤ ሲከፋት ግን የምትጸልየው በእናቷ ቋንቋ ነው። ማኅበርተኛው ባይገባውም መምሬ «ለቀቅ አድርጓት፤ ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስ ሲወርድላቸው በየሰዉ ቋንቋ የተናገሩት እኮ ለእንዲህ ላለችው ነው» ይላሉ። ባሏ አያ ስመኝ ማኅበርተኛችን ነበር። አንድ ዓመት አዝመራው ሲከፋ ሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረደ፤ ወርዶ ቀረ። በየወሩ ማርያም ስትመጣ የስመኝ ድርሻ ይቆረሳል፣ ለመንገደኛ ይሰጣል። ደብሬም ያንን እያየች ከል ሳትለብስ፣ ሳታለቅስ፣ ሹሩባዋን እየተሠራች ትኖራለች። ለእሷ ድርሻው መቆረሱ ስመኝ በሕይወት ለመኖሩ ምስክር ነው። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናየው።

ክፉ ዓመት ሲደገም ግን ዳቦው አነሰ፤ ድርሻው ሲጎረስ የማይታወቅ ሆነ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን፣ አያ አድማሱ ናቸው። ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ ብርቱ ገበሬ፣ ነገር የማይወላውልባቸው ሰው። አንድ ማርያም ቀን ተነሱና ለመጣው ያልበቃ ዳቦ ለማይመጣው እንዴት ይቆረሳል፣ ይህን ያህል ዘመን የቀረ ሰው ይቅር ብለው ተናገሩ። ደብሬ አንገቷን ደፋች። እናቴ እጄን ይዛ የነበረውን አሁንም ይሰማኛል። መምሬ ቢላዋውን እንደያዙ ቀና አሉ፤ ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«አድማሱ፣ ጌታ በመጀመሪያው ሳምንት የተገኙትን ሁሉ አይቶ ሄዶ በሳምንቱ የተመለሰው ለማን ነው? ለቀረው አይደለም? እሱ የተመለሰለትን አንተ ትሰርዘዋለህ?»

አያ አድማሱ መቼም ኩሩ ናቸው፤ ተረታሁ ማለት አይሆንላቸውም። ዳቦው ሲታደል ግን የራሳቸውን ድርሻ ለሁለት ከፍለው ግማሹን የስመኝ ድርሻ ላይ ጨመሩና ራሳቸው ይዘውት ወደ መንገድ ወጡ። ከዚያ ወዲህ የቶማስን ድርሻ መንገድ ዳር ቆሞ መስጠት የእሳቸው ሥራ ሆነ፤ ማንም አላዘዛቸውም። እንዲያ እንዲያ እያለ ስንት ጊዜ ሄደ፤ አንድ የግንቦት ማርያም ደብሬ ከል ለብሳ መጣች። ከቆላ የተመለሰ ሰው አርድቷት ኖሯል። መምሬ ዳቦውን ባርከው ሊቆርሱ ሲሉ ተነሳችና «ለስመኝ አትቁረሱለት። ደርሷል» አለች። መምሬ ቢላዋውን አስቀመጡ። ያን ቀን ነው ሰው ሁሉ ለስመኝ ያለቀሰው። ልቅሶው የጀመረው ድርሻው ሲቀር ነው። አያ አድማሱ በሩ አጠገብ ቆመው እንደ ልጅ ሲንሰቀሰቁ አይቻቸዋለሁ።

እኔ አድጌ፣ አግብቼ፣ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የእግር ስፌት መኪና ገዛልኝ፤ ገበያው ጥግ በረንዳ ተከራይቼ ልብስ ሰፊ ሆንኩ። የስንቱን ቁምጣ፣ የስንቱን የተማሪ ዩኒፎርም፣ የስንቷን የሠርግ ቀሚስ ሰፋሁ! ቴትሮን የሚሉት ጨርቅ የመጣ ሰሞን ጎረምሳው ሁሉ «እትዬ አትጠገብ፣ ሱሪው ከታች ይስፋ» እያለ አላስቀምጥ አለኝ፤ መሬት የሚጠርግ ሱሪ ለብሰው በጭቃ ሲሄዱ ቆሜ እስቅባቸው ነበር። ከጎኔ ሻይ ቤት ራዲዮ አለ፤ ዘፈኑ ሲመጣ መኪናዬን ከሱ ጋር እረግጣለሁ። ማርያም ስትመጣ ግን በረንዳው ዝግ ነው። ከመናኸሪያው በማለዳ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ እገባለሁ፤ ትኬቱ ብር ከምናምን ነው። ማንኩሳ ላይ ዶሮ የያዘች ሴት ትሳፈራለች፣ ዶሮዋ ጉልበቴ ላይ ትቀመጣለች፣ ተሳስቀን ቡሬ ሳንደርስ እወርዳለሁ። እናቴ ስታርፍ ጽዋዋን እኔ ተቀበልኩ። ያን ዓመት ለጽዋው አዲስ ልብስ ሰፋሁለት፤ ሰማያዊ ከፈይ፣ ጠርዙ በነጭ ጥለት የተያዘ። በሕይወቴ ከሰፋሁት ሁሉ እንደ እሱ የተጠበብኩበት የለም። መምሬ ጥበቡ፣ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፣ በጣታቸው ዳስሰው ዳስሰው «ይሄስ የቶማስንም ድርሻ በሙቀት ያቆያል» አሉኝ። በማግስቱ ዓመት እሳቸውም አረፉ።

ካገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ ይባላል። እኔ የወጣሁት ለዓይን በማይርቅ ቦታ ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ የዚያ አገር ተራራ ከደጄ ይታየኛል። ግን አልደርስበትም። የወንጌሉን ያቺን ቦታ፣ ሐዋርያት ፈርተው በር የዘጉባትን ምሽት፣ ድሮ ስሰማት የሩቅ ወሬ ነበረች። አሁን በር ዘግቶ መቀመጥ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ማርያም በመጣች ቁጥር ደጄ ላይ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ነው። አሁን ቆረሱ። አሁን አከፋፈሉ። የአትጠገብን ቆርሰው ይሆን? ወይስ አንዱ ተነስቶ ከተማ የገባች ሴት ረስታናለች፣ ምናልባትም ሞታለች፣ ይቅር ብሏል? መምሬ የሉም፤ ማን ይከራከርልኛል? አያ አድማሱ ራሳቸው በሕይወት መኖራቸውን ማን ነገረኝ? ኧረ ስንቱ፤ ሆድ ይፍጀው።

እንግዲህ በዚህ ሆድ ነው ዛሬ ረፋድ ላይ ሙሉ ቤት የገባሁት። ልቤ ቆርጦ ነበር፤ እሺ ልላቸው ነው። በሩ አጠገብ ባለው መደብ ተቀመጥኩ። ቄሱ ባርከው ዳቦው ተቆረሰ፤ ሙሉም እጇን በመቀነቷ እየጠረገች «በሉ እትዬ አትጠገብ፣ ዛሬ እንግዲህ ይነግሩናል» አለችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት፣ ከምሰሶው ስር ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እግር ሴት ቀና አለች። የሙሉ ባል ዘመድ ናት፤ ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ፣ ማንኩሳ ዘመድ ቤት ሰንብታ፣ ልጇን ለማሳከም ትናንት ነው እዚህ የደረሰችው። ትሁን ትባላለች። ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቅል አለች።

«እማማ፣» አለችኝ እንደማፈር ብላ፣ «የማዶ ማርያሟ፣ ልብስ ሰፊዋ አትጠገብ ነዎት?»

ነኝ አልኳት። ሕፃኑን ለጎረቤቷ ሰጥታ ተነሳች፤ መጥታ ፊቴ ቆመች፤ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንደተማረችው ትምህርት፣ አንገቷን ሰበር አደረገች።

«በልቼልዎታለሁ።»

ከዚያ በኋላ የነገረችንን ሁሉ በደንብ የሰማሁት አይመስለኝም፤ እንባዬ ጆሮዬንም ደፍኖት ነበር። ባለፈው ወር ማርያም ዕለት ልጇን አዝላ በማዶ ማርያም ስታልፍ፣ መንገድ ዳር አንድ የጎበጡ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ቆመው አገኘች። አስቁመው ከሰማያዊ ከፈይ ሥር ዳቦ አውጥተው ሰጧት፤ ስሜን አስጠሯት፤ ካገኘሻት እንዲህ በያት አሏት። የሽማግሌ ነገር ነው ብላ ነበር፤ ግን ርቧት ነበርና ለልጇም አካፍላ በላች። ዳቦዋ ትንሽ ነበረች አለች፤ ይቅርታ የምትጠይቀኝ ይመስል። አያ አድማሱ! ያ ነገር የማይወላውልባቸው፣ ያ የስመኝ ድርሻ ይቅር ያሉት አያ አድማሱ፣ በዚያ ዕድሜ፣ በዚህ ዘመን፣ መንገድ ዳር ቆመው የእኔን ዳቦ ሲያድሉ። በአደባባይ ማልቀስ አልወድም፤ ዛሬ ግን ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ፤ የመጣው ይምጣ።

ሙሉ ገብቷት ኖሯል፤ መልሱን ደግማ አልጠየቀችኝም። እኔ ግን ነገርኳት። እንደ እንግዳ ከተቀበላችሁኝ በየወሩ መጥቼ እቀመጣለሁ፤ ጽዋ ግን አለኝ አልኳት። ደግሞ ከእናንተ ዛሬ የቀረ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አለ አሉኝ፤ አንዲት ማኅበርተኛ ልጇን ልትጠይቅ አዲስ አበባ ሄዳ መንገድ ተዘግቶባት ቀርታለች። እንግዲያ የእሷን ቁረሱልኝ አልኳቸው። ተያዩ። ቄሱ ፈገግ ብለው ቆረሱና ሰጡኝ። የማላውቃትን ሴት ስም ጠርቼ በላሁ፤ ኮባ ኮባ ይሸታል።

ልወጣ ስል ትሁን ነጠላዬን ያዝ አደረገችኝ። ልጇ ከተሻለው በዚያው በማዶ ማርያም በኩል እንደምትመለስ፣ ሽማግሌውን ደግሞ እንደማታልፋቸው ነገረችኝ። መልሱን አላስተማሯትም ኖሯል።

«ምን ልበልልዎ?» አለችኝ።

«መንገድ ላይ ናት በይልኝ።»